የእታገኝ የእግር ልክ

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ልገዛ ወልድያ ላይ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ካለ ሱቅ ጎራ አልኩና ገና ደፉን ሳልሻገር የአዲስ ጫማ ሽታ ተቀበለኝ፤ ማስቲሽ፣ ጎማ፣ ቆዳና ካርቶን ተቀላቅለው የሚፈጥሩት፣ ለሌላው ሰው ምንም የማይመስለው፣ እኔን ግን በዚህ ዕድሜዬ በቁሜ የሚያስተክዘኝ ሽታ። ልጄ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» እያለ ቀሚሴን ይጎትታል፤ እኔ ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ የተደረደሩበትን ግድግዳ እያየሁ መሰላል ይዞ የሚቆም አንድ ሽበታም ሰው በዓይኔ እፈልጋለሁ።

አግዳሚው ላይ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እያወራ አንድ እግሩን ዘርግቷል፤ ሻጯ፣ ገና ልጅነት ያልለቀቃት ቀጭን ልጅ፣ በርከክ ብላ ጫማ ታጠልቅለታለች። አልወደደውም መሰለኝ በእግሩ ጣት ገፋ አድርጎ «ሌላ» ይላል። ሌላ ታመጣለች፤ አሁንም ዓይኑን ከጣሪያው ሳያወርድ ገፋ ያደርግና «ሌላ»። እንዲህ እያለ ወለሉን ሁሉ ካርቶን በካርቶን ካደረገው በኋላ ብድግ ብሎ የተዘረገፈውን ተሻግሮ ሊወጣ ሆነ። እኔ መቼስ አፌ አያርፍም፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው እኮ ናት! እግዜር ይስጥልኝ ብትላት ምን ይቀንስብሃል?» አልኩት። አግዳሚው ድንገት የተናገረ ይመስል ግራ ገብቶት አየኝና ሄደ። ልጅቷ ካርቶኖቹን እየሰበሰበች፣ «ይተዉት እትዬ፣ እኔ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ይቺ «ለምጄዋለሁ» የአባቴ ቃል ነበረች፤ ጫማውን ሳልገዛ ልጄን ይዤ ወጣሁ።

አባቴ ደምሴ እዚሁ ወልድያ በሰው ጫማ ቤት ተቀጥሮ ሻጭ ነበር። ቤታችን መርሳ ነው። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ መኪና ይዞ ይሄድና ሳምንቱን ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል እያደረ ሠርቶ ቅዳሜ ማምሻውን ይመለሳል። ሲመለስ ያ ሽታ ከኮቱም፣ ከጣቶቹም፣ ከጸጉሩም አብሮት ይመጣል፤ እማዬ ገና ከበሩ «ጫማ ቤቱ መጣ!» ብላ ትስቅበታለች፤ እኔና ታላቅ እህቴ እታገኝም እኩል ሮጠን አንገቱ ላይ እንጠመጠማለን። እታገኝ ከኔ በብዙ ዓመት ትበልጣለች፤ ግን አባባ የመጣ እንደሆነ እሷም እንደኔው ልጅ ነበረች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ አባቴን ማየት ነው። ነጭ ጋቢውን ደርቦ ከደጃችን የማንጎ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ በድንበር የተጣላው፣ ከሚስቱ የተኳረፈው፣ ልጁ አልታዘዝ ያለው ሁሉ ጉዳዩን ይዞ ይመጣል። አባቴ ብዙ አይናገርም፤ ሰውየው እስኪጨርስ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጥና መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል፤ ሰዎቹም ተሳስቀው ይሄዳሉ። የዕድር ስብሰባ ሲገባ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ብድግ ይሉለታል፤ እሱም «ኧረ በእግዜር! ኧረ በጊዮርጊስ!» እያለ ያስቀምጣቸዋል። እኔ አባቴን አገር የሚያከብረው ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር የማውቀው። በእርግጥም ነበር፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን አላየሁም ነበር እንጂ።

ስለ ሥራው ሲያወራን ሁልጊዜ የሚያስቀንን እየመረጠ ነው። በተለይ የ«ልክ» ወሬ አይጠገብም ነበር። ያን ጊዜ የገጠር ሰው ጫማ ሊገዛ ሲወጣ ቤተሰቡን አስከትሎ አይመጣም፤ ቤት የቀረውን ሰው እግር በክር ወይም በሰንበሌጥ ይለካና ልኩን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይመጣል፤ ሻጩ ያንን ልክ ጫማው ውስጥ ዘርግቶ ይሞክርለታል። ከግራና የመጣ አንድ ገበሬ የሚስቱን እግር የለካበትን ክር አይጥ ቆርጥማበት «ከዚህ በኋላ ያለውን አንተው ገምት፤ ሚስቴ ደህና ረጅም ናት» ብሎ ድርቅ አለው። አንዷ ሴት ደግሞ የሦስት ልጆቿን ልክ በአንድ ላይ ቋጥራ መጥታ የትኛው የማን እንደሆነ ጠፍቷት ገበያው እስኪበተን ሱቁ ውስጥ ስታሰላስል ዋለች። አውቶቡስ ላይ የሰንበሌጥ ልካቸውን ተቀምጠውበት ሰብረው፣ ስብርባሪውን በመዳፋቸው ይዘው «እስኪ ግጠምልኝ ልጄ» ያሉት ሽማግሌም ነበሩ። ሰው ረስቶት የሄደውን ልክ አባቴ አይጥለውም፤ ባለቤቱ በሌላ የገበያ ቀን ቢመለስ ብሎ ከመደርደሪያው ጎን በመታ ሚስማር ላይ ይሰቅልለታል። ቁጥር የሚባለውን ነገር እስከዚህም አያምነውም ነበር፤ አንዱ ፋብሪካ ሠላሳ ስምንት ያለውን ሌላው ሠላሳ ሰባት ይለዋል፣ ክር ግን ካልጎተቱት እውነቱን ይናገራል ይል ነበር።

እታገኝ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከወልድያ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ሰለሞን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው አክስቱ ወይዘሮ የሺመቤት ናት፤ በዚያ ቤት ያለ እሷ ፈቃድ ውሃ አይቀዳም ተባለ። ሽማግሌዎቹ በወጋችን መሠረት የዘሩንም የኑሮውንም ጠያይቀው ወደ ሥራው ሲደርሱ አባቴ «ወልድያ፣ ጫማ ንግድ ላይ ነኝ» አላቸው። ውሸት የለበትም። ግን የሽማግሌ ነገር ይታወቃል፤ ጋብቻው እንዲያምር የሴቲቱን ወገን ለወንዱ ሲነግር ትንሽ ቅቤ ይቀባዋል፤ ከመርሳ ተነስተው ወልድያ እስኪገቡ አባቴ የታወቀ የጫማ ነጋዴ ሆኖ ነበር። እኛ ግን ይህን አናውቅም፤ ልጃችን ታጨች ብለን ጮቤ እንረግጣለን።

ለጥሎሹ የእታገኝ የእግር ልክ ተጠየቀ። ይህን ሥራ አባቴ ለማንም አልሰጥም አለ። አንድ እሑድ እህቴን በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ እግሯን በካርቶን ላይ አሳርፎ፣ እማዬ ለጥለት ከተጠቀመችበት የተረፈ ቀይና አረንጓዴ የሱፍ ክር አንድ ላይ ገምዶ፣ ከተረከዟ እስከ አውራ ጣቷ ጫፍ ለክቶ በሁለቱም በኩል ቋጠረው። እታገኝ እየኮረኮራት ትስቃለች፣ እግሯን ትሰበስባለች፤ እሱ ደግሞ «አርፈሽ ተቀመጭ አለሜ፣ የሰርግ ጫማ እኮ ነው! ዳስ ውስጥ ወልቆ መሳቂያ ልታደርጊን ነው?» ይላታል። ለክቶ ሲያበቃ እግሯን ወዲያው አለቀቀውም፤ በመዳፉ ይዞ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ክሩን ጠቅልሎ ለሽማግሌዎቹ ላከላቸው።

ሰርጉ ሲቃረብ ለኔም አዲስ ጫማ እንዲመርጥልኝ አባቴ ወልድያ ይዞኝ ሄደ። ትምህርት ቤት ለዕረፍት ተዘግቶ ነበር፤ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። የሱቁ ባለቤት ከጓዳ ሒሳብ ላይ ነው፤ ከፊት ያለው አባቴ ብቻ ነው። ያን ዕለት የአባቴን የሰኞና የማክሰኞ ሕይወት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ሰው ሲገባ ሰላም አይለውም። ገና ጺም ያላወጣ ጎረምሳ «አንተ!» ይለዋል፤ አባቴ «አቤት» ይላል። እግራቸውን ከነጭቃው ጉልበቱ ላይ ጣል ያደርጉለታል፤ መሰላል አስወጥተው አስወርደው «ተወው ባክህ» ብለው ይወጣሉ፤ አንዱማ ጫማው የጠበበው በአባቴ ክፋት ይመስል ሰድቦት ሄደ። መርሳ ላይ ሽማግሌ ብድግ የሚልለት ሰው ነው እንግዲህ! ተናድጄ «ለምን እንዲህ ይሉሃል?» ስለው ካርቶን እየከደነ፣ «ለምጄዋለሁ፤ ይልቅ ያቺን ጫማ አድርጊና እስኪ ራመጅ» አለኝ።

ረፋዱ ላይ አንዲት ደንዳና ሴት ሌሎች ሁለት ሴቶች አስከትላ ገባች። አንገቷ ላይ ወርቅ፣ ትከሻዋ ላይ ጥለቱ የሚያበራ ነጠላ። አባቴ «እንኳን ደህና መጡ እትዬ» አለ። ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካክላ ስታበቃ ወደ መደርደሪያው እያየች፣

«የሙሽራ ጫማ አውጣ» አለች።

አባቴ መሰላሉን ተጠግቶ አንዱን ሲያወርድ፣ «እሱን አይደለም አንተ ሰውዬ! ከላዩ ያለውን ነው እንጂ። ዓይን የለህም?» አለችው። ከላዩ ያለውን አወረደ። እሱም ተረከዙ አጠረ። ሌላ ወረደ፤ ነጭነቱ አልጠራም ተባለ። ካርቶኑ ዙሪያዋን ተከመረ፤ የእሷ ዓይን ከአንዱ ጫማ ወደ ሌላው ይዘላል፤ አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ይወጣል ይወርዳል። መጨረሻ ላይ አንድ ነጭ ባለተረከዝ ዓይኗ ገባና «ቆይ ልኩን» ብላ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከቋጠሮው የወጣው ቀይና አረንጓዴ የሱፍ ክር ነበር።

እኔ አንድ ጫማ አጥልቄ አንዱን በእጄ ይዤ ቆሜአለሁ። «የእታገኝ!» ልል አፌን ስከፍት አባቴ ዞሮ አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አስተያየት አይቶኝ አያውቅም። ከዚያም ድምፁን ቀይሮ፣ ፈጽሞ እንደማያውቀኝ ሰው፣ «አንቺ ልጅ፣ ወላጆችሽ እስኪመጡ እዚያ ጥግ ተቀመጭ» አለኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። አባቴ «አንቺ ልጅ» ሲለኝ የተሰማኝን ቅዝቃዜ አሁንም ድረስ አልረሳሁትም።

ሴትየዋ ለካ የሰለሞን አክስት ኖራለች። ወይዘሮ የሺመቤት ክሩን በሁለት እጇ ወጠር አድርጋ ጫማው ላይ ዘረጋችው፤ አልበቃው አለ። «ይሄማ ትንሽ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ አምጣ።»

«ይቅርታዎን እትዬ» አለ አባቴ፣ «ክሩ ሱፍ ነው፤ ሲጎትቱት ይረዝማል። ለቀቅ ቢያደርጉት ሠላሳ ሰባት ነው፤ በልኳ የሚሆነው የያዙት ነው።»

«አንተ በምን ታውቃለህ? እግሯን አይተኸዋል?»

ያንን እግር ሕፃን ሳለ ያጠበው፣ በበጋ እሾህ የነቀለለት፣ ከጥቂት ሳምንት በፊት በመዳፉ ይዞ የቆየው ሰው አንገቱን ደፋ።

«አላየሁም እትዬ» አለ።

«እንግዲያ ያላየኸውን አትዘባርቅ! አልሸጥ ያለህን ልታሸክመኝ ነው?» ብላ ጫማውን ወረወረችው። እሱን ብላ አልነበረም መሰለኝ፣ ካርቶኑ ላይ ልትጥለው ነበር፤ ግን ተረከዙ ቅንድቡ ላይ አረፈና ቀጭን ደም ወረደ። ከተከተሏት ሴቶች አንዷ «ኧረ ተይ!» አለች። ወይዘሮ የሺመቤት ደግሞ ከመስተዋቱ ፊት ነጠላዋን እየደረበች፣ «ምን ኧረ ተይ ትያለሽ! እኛ እኮ የምንጋባው ከነጋዴ ነው። የልጅቷ አባት እንዲህ ያለውን አሥሩን ቀጥሮ የሚያሠራ ሰው ነው። ሰፊውን ከጠባቡ መለየት አቅቷት ለልጄ ጠባብ ጫማ አመጣች ቢለኝ የት እገባለሁ?» አለቻት። የሽማግሌዎቹን ቅቤ የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

አባቴ ጫማውን ከወለሉ አነሳ፣ በክንዱ ጠረገው። «ጋብቻችሁን እግዜር ያሳምረው። ሙሽራይቱንም ይመቻት» አለና ያለችውን ሠላሳ ዘጠኝ አውርዶ ሊጠቀልል ዞረ። እኔ ካለሁበት ጥግ እጁ ይታየኛል፤ ሠላሳ ዘጠኙን ወደ መደርደሪያው መለሰና ካርቶኑ ውስጥ ሠላሳ ሰባቱን ከተተው። በሰርጓ ቀን ጫማዋ እየወለቀ እንድትራመድ አልፈለገም። ሴቶቹ ካርቶኑን ይዘው ወጡ።

አጠገቤ መጥቶ ሲቀመጥ ቅንድቡን በመሐረብ ይዟል። እኔ አለቅሳለሁ። «ለምን አልነገርካትም አባባ?» አልኩት። «ብነግራት እዚሁ ሰው ፊት ታፍር ነበር። ያቺን ሀፍረት ደግሞ አትረሳትም፤ እኔን የምታገኝበት ስለሌላት በእህትሽ ትወጣታለች። እታገኝ እኮ ከእጇ ልትገባ ነው፤ አብራት ልትኖር ነው። ለእታገኝ እንዳትነግሪያት፤ ማይልኝ» አለኝ። ማልኩለት። ከዚያ የኔን ጫማ አጠለቀልኝና ጣቴን በአውራ ጣቱ ጫን እያደረገ እንዳይጠበኝ መረመረልኝ።

ቅዳሜ ማታ ለእማዬ ነገራት። እሷ ቁጣዋ ጨርቅ የሚያስጥል ነበር፤ ሽማግሌ ይጠራ፣ ሴትየዋ ይቅርታ ትበል፣ አለዚያ ሰርጉ ይቅር አለች። አባቴ ሰለሞን ደህና ልጅ እንደሆነ፣ እታገኝም እንደወደደችው እያስታወሰ አበረዳት። ግን በሳምንቱ ሌላ መልእክት መጣ፤ ወይዘሮ የሺመቤት የእናትነት ድርሻዋን ለማንም ስለማትሰጥ ከአጃቢዎቹ ጋር ራሷ መርሳ ድረስ መጥታ ጥሎሹን በእጇ ታስረክባለች ተባለ። የሙሽራዋ አባት ከዳሱ ራስ ላይ ተቀምጦ ሊቀበላት ነው። ያን ቀን አባቴ ምግብ አልቀመሰም። በማግስቱ እማዬን «እኔ ካለሁ ሰርጉ ይበላሻል» አላት።

ስለዚህ አባቴ በልጁ ሰርግ ቀን አልነበረም። ለእንግዶቹ «ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ መኪና ተበላሸበት» ተባለ፤ የሽማግሌዎቹ ነጋዴ ለዚህ እንኳ ጠቀመ። አባቷ ነጋዴ አለመሆኑን ለምታውቀው ለእታገኝ ደግሞ «ባለሱቁ ፈቃድ ከለከለው» ተባለ። ለሰርጉ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ በማለዳ ሲወጣ ያየነው እኔና እማዬ ብቻ ነን።

ዳሱ ሞቀ። ጥሎሹ አንድ በአንድ እየተነሳ ሲታይ ጫማው ወጣና እታገኝ እዚያው አጠለቀችው፤ ልክ ሆነ፤ እልልታው ቀለጠ። ወይዘሮ የሺመቤት «የኔ ዓይን መች ይስታል!» ብላ በኩራት ዞር ዞር አለች፤ እማዬ ፈገግ ለማለት ትታገል ነበር። ምርቃት ሲደርስ ሙሽሮቹ የእማዬን ጉልበት ሳሙ፤ በአባቴ ፋንታ ታላቅ ወንድሙ ተቀምጦ መረቀ። እታገኝ የአጎቷን ጉልበት ስማ ቀና ስትል ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። መኪናው ውስጥ እስክትገባ ድረስ ወደ በሩ ታይ ነበር።

ለመልሱ ሙሽሮቹ ብቻ መርሳ ሲመጡ አባቴ ቤት ነበር። ምርቃቱን ለቀናት ሲያሰላስለው እንደከረመ አውቃለሁ፤ ከንፈሩ ብቻውን ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። ሰለሞን በአክብሮት ጎንበስ አለ። እታገኝ ግን ጉልበቱን ነካ አድርጋ ቶሎ ተነሳች፤ እሱ አፉን ሲከፍት፣ «አጎቴ መርቆኛል አባባ፤ ለሰው ሱቅ ብለህ ስትቀር እሱ መርቆኛል» አለችው። አባቴ የከፈተውን አፉን ዘጋው። «ደግ አደረገ ልጄ» አለ።

ከዚያ በኋላ ወልድያ ሱቅ አልተመለሰም። ሴትየዋ ሌላ ጫማ ልትገዛ ብትመጣስ? መርሳ ገበያ ላይ ሸራ ዘርግቶ ኮንጎ ጫማ ይሸጥ ጀመር፤ ሽታው ከኮቱ ጠፋ፤ ፀሐዩም አጠቆረው። እታገኝ ስትወልድ ለክርስትና ተጠራ፤ ጉልበቴን አመመኝ አለ። ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ወባ ያዘኝ አለ። ቤት ሠርተው ሲያስመርቁም አልሄደም። እታገኝ ለዓመት በዓል ስትመጣ ከእማዬ ጋር ትስቃለች፣ ከኔ ጋር ትስቃለች፤ እሱን «ደህና ነህ አባባ?» ትለውና ጨዋታው እዚያው ያልቃል። «አባባ ቤቴን ንቆታል» አለችኝ አንድ ቀን። ያ ሮጦ አንገት ላይ መጠምጠም፣ ያ እየተኮረኮሩ መሳቅ ወዴት እንደገባ እንጃ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ሲሰማት መከፋቱን እንኳ አለማሳየቱ ነው።

አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ልወስደው በአውቶቡስ አብረን ስንሄድ ሲሪንቃ ስንደርስ በመስኮቱ አንድ ዋርካ አሳየኝ። «ያን ዕለት እዚህ ነበርኩ» አለ። የሰርጉ መኪኖች ወደ ወልድያ ሲያልፉ ልጁን ሊያያት፣ መንገድ ዳር ከቆመው ሰው ጋር ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ውሏል። የሙሽሮቹ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ መጣ፤ አለፈ። «አየሃት?» አልኩት። «በዚያኛው በኩል ነበር የተቀመጠችው» አለ። «የሰለሞንን ትከሻ አየሁ። ከኋላ በመጣችው ሚኒባስ ግን ሴትየዋ በመስኮት በኩል ነበረች፤ ዓይን ለዓይን ግጥም አልን። ደንግጬ ፊቴን በጋቢ ሸፈንኩ። አውቃኛለች ብዬ ስንት ጊዜ ስሰጋ ኖርኩ።» እኔ ከዚያ እስከ ወልድያ ድረስ ወደ መስኮቱ ዞሬ ዕንባዬን ስጠርግ ነበር።

አባቴ ሲሞት መርሳ አልቅሳ ቀበረችው። ድንኳኑ ውስጥ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የተነሳው ፎቶ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የወልድያ ለቅሶ ደራሾች ሲገቡ ከመሐላቸው ወይዘሮ የሺመቤትን አየኋት፤ አርጅታለች፣ ከዘራ ይዛለች፣ ሰለሞን በክንዷ ደግፏታል። እማዬ እጄን ጨበጠችኝ፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ያ ሁሉ ዓመት የሸሸነው ቀን መጣ አልኩ። አሮጊቷ ከፎቶው ፊት ቆመች። ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ገለጥ አድርጋ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ቅንድቡ ላይ የቀረችውን ጠባሳ ሳይቀር አንድ በአንድ አየችው።

«አይ ቁመና! አይ የደስ ደስ!» አለች አሮጊቷ በለቅሶ ድምፅ። «እንዲህ ያሉ ሰው ኖረዋል ለካ! እኔ ዕድለ ቢሷ፣ ይህን ያህል ዘመን ተጋብተን አንድ ቀን እንኳ ሳላያቸው ቀረሁ።»

እማዬ እጄን ለቀቀችው። «አዎ እትዬ» አለቻት፣ «አላዩትም።»

አላወቀችውም። ፈጽማ። እኔ ልጅ ሆኜ ጥግ ተቀምጬ ያየሁትን፣ መሰላል ላይ ሲወጣና ሲወርድ፣ ሲለምናት፣ ሲደማ፣ ሲመርቃት፣ እሷ አንዱንም አላየችም፤ ያየችው ጫማ ብቻ ነበር። ሲሪንቃ መንገድ ዳር ቆሞ ፊቱን የሸፈነውም በከንቱ ነው። ዳሱ ራስ ላይ ተቀምጦ ቢቀበላት ኖሮ «እንደምን ዋሉ» ብላ ጉንጩን ስማው ትቀመጥ ነበር። የሰርጉ ምርቃት፣ የልጅ ልጆቹ ክርስትና፣ በእታገኝ ቤት አንድ ቀን ያልበላው እንጀራ፣ የእህቴና የሱ ሳቅ፣ ይህ ሁሉ የተከፈለው ማንም ቀና ብሎ ላላየው ፊት ነው። ይህን ሳስብ ያን ዕለት ከደማው ቅንድቡ ይልቅ ይሄ ያመኛል።

ከሰልስቱ በኋላ እማዬ እታገኝን ለብቻዋ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። እህቴ ጮኻ ታለቅሳለች ስል፣ እማዬ ስትጨርስ ተነስታ አባቴ ይተኛበት የነበረው መደብ ጠርዝ ላይ ግንባሯን ደፋች፤ እስክትነሳ ብዙ ቆየች። በሳምንቱ ወደ ወልድያ ተመለሰች። ወይዘሮ የሺመቤት አሁን እጇ ስለሚንቀጠቀጥ የምታጎርሳት እታገኝ ናት። እኔ ይሄ ነገር አልዋጥ ብሎኝ ባለፈው ሳምንት፣ ያን ጫማ ሳልገዛ የወጣሁ ዕለት፣ ቤቷ ሄጄ፣ «እንዴት እጅሽ ይታዘዝልሻል? ለምንስ አትነግሪያትም?» አልኳት። እታገኝ የአሮጊቷን ሳህን እያጠበች ነበር። ዞር ሳትል፣

«እሷስ ባዳ ናት» አለችኝ፤ «ጫማ ልትገዛ ገባች፣ ገዝታ ወጣች። አባቴን ሳላየው የኖርኩት እኔ ነኝ።»